ልጃችን ማንን አስከትሎ ይጓዛል?

እንደሚታወቀው በባሕር ዳር ከተማ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉበት ቦታ ባለፉት ዓመታት ብዙ ተለውጧል። ቀደም ሲል ከሰዓት በኋላ ልጅ የጠፋባቸው እናቶች ወደ ኳስ ሜዳ ወይም ወደ ጣና ዳርቻ ሰው ይልኩ ነበር። ዛሬ ግን አስቀድመው የሚጠይቁት በሰፈራቸው ያለውን የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ልጁ ከዚያ ካልተገኘም ከታላቅ ወንድሙ ኮምፒዩተር ወይም ከአባቱ የእጅ ስልክ ጋር ተፋጦ ይገኛል። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ እግር ኳስ ነው። ስለ እግር ኳሱ እናቶች እምብዛም አይጨነቁም፤ ምን እንደሆነ ያውቁታልና። ግራ የሚያጋባቸው ሌላው ዓይነት ጨዋታ ነው።

ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ጥያቄዎች አንዱ በፈረቃ ከሚሠሩ የባሕር ዳር እናት የመጣ ነው። እኚህ እናት ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ የ14 ዓመት ልጃቸውን ከአንድ ጓደኛው ጋር ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሲከራከር አገኙት። የክርክሩ ጭብጥ ሌባውን እናስከትል ወይስ ጠንቋይዋን የሚል ነበር። እናት ደነገጡ። ልጃቸውን በሥርዓት ለማሳደግ ሌት ተቀን የሚደክሙ ሴት ናቸው፤ እሱ ደግሞ ከሌባና ከጠንቋይ ጋር ጉዞ ለመውጣት ይመክራል። ጨዋታውን ይከልክሉት ወይስ ይተዉት ሲሉ ጠይቀውናል።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ስለሆነም በዛሬው ዝግጅታችን ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ጓደኛ አመራረጡ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ጥቅሙና ጉዳቱ የቱ ላይ እንደሆነ፣ ወላጆችስ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የጨዋታው አመጣጥ

ነገሩ የተጀመረው በኮምፒዩተር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን "ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" የተሰኘ ጨዋታ አወጡ። ጨዋታው የወጣባት ሌክ ጂኒቫ የተባለችው የዊስኮንሲን ከተማ እንደ ባሕር ዳር ሁሉ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ናት። ለመጫወት የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ እርሳስና እንደ ዕጣ የሚጣሉ ቁጥር ያለባቸው ትንንሽ ጠጠሮች ብቻ ነበር። አንዱ ተጫዋች ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው በታሪኩ ውስጥ ይጓዛሉ።

ይህ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። አያት ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው "ተረት ተረት" ሲሉ ልጆች "የላም በረት" ብለው ይቀበላሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በእኛ ተረት ጀግናው መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቁት አያት ናቸው። በዚህኛው ጨዋታ ግን የሚወስነው አድማጩ ነው።

ኮምፒዩተር ሲስፋፋ ተራኪው ማሽኑ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው "ዊዛርድሪ" ተጫዋቹ እስከ 6 የሚደርሱ ጓደኞችን ይዞ እንዲጓዝ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን የወጣው "ፋይናል ፋንታሲ" ቁጥሩን 4 አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1998 ባዮዌር የተባለው የካናዳ ድርጅት "ባልዱርስ ጌት" የተባለውን አዘጋጀ። የዚሁ ጨዋታ ሦስተኛ ክፍል ላሪያን በተባለ የቤልጂየም ድርጅት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሲወጣ በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸልሟል።

አፍሪካም ከዚህ ወደ ኋላ አልቀረችም። በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ የሚገኘው ኪሮ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 "ኦሪዮን" የተባለ ጨዋታ አውጥቷል። ታሪኩ ዘውድ በሚጭንበት ዕለት ዙፋኑን ስለተነጠቀ ኤንዞ ስለተባለ ልዑል ነው። ልዑሉ መንግሥቱን ለማስመለስ ሲነሣ ከጎኑ ሆና የምትዋጋው ሚስቱ ኤሪን ናት። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከአሳዳጇ ስለምታመልጥ ዶሮ "ኩኩሉ" የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል። ኩኩሉ ብቻዋን የምትሮጥ እንጂ ጓደኛ የምታስከትል ባትሆንም የአገራችን ወጣቶች በዚህ ሙያ መሰማራታቸውን ታሳያለች።

ጓደኛ አመራረጡ

አሁን ወደ እናትየዋ ድንጋጤ እንመለስ። ሌባውና ጠንቋይዋ ምንድን ናቸው?

በእነዚህ ጨዋታዎች ብቻውን የሚጓዝ ሰው እምብዛም ሩቅ አይደርስም። በመሆኑም ተጫዋቹ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ወይም በመንገድ ላይ ጓደኞች ይመርጣል። ጓደኞቹ እያንዳንዳቸው ሙያ አላቸው። ለምሳሌ በመጀመሪያው "ፋይናል ፋንታሲ" 6 ሙያዎች ቀርበዋል፤ ተዋጊ፣ ሌባ፣ በባዶ እጁ የሚታገል፣ የሚፈውስ ነጭ ባለ ምትሃት፣ እሳትና መብረቅ የሚወረውር ጥቁር ባለ ምትሃት፣ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት የሚያውቅ ቀይ ባለ ምትሃት። ሙያው 6፣ ቦታው ግን 4 ነው። አንድ ጊዜ የተመረጠው ጓደኛ ደግሞ በሌላ አይለወጥም፤ እስከ መጨረሻው አብሮ ይዘልቃል።

ልጆች መጀመሪያ ሲጫወቱ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበተኞቹን ይመርጣሉ። ሰይፍ የያዘ ደስ ይላላ! ይሁን እንጂ አራት ሰይፈኞች ብቻ የያዘ ቡድን ሲቆስል የሚያክመው ስለሌለው ያለ የሌለውን ገንዘብ ለመድኃኒት ያወጣል። ስለዚህ ልጁ ጥቂት ከተንገላታ በኋላ አንድ ቁም ነገር ይገባዋል፤ ጥሩ ቡድን የሚባለው የጠንካሮች ስብስብ ሳይሆን አንዱ የጎደለውን ሌላው የሚሞላበት ነው።

"ሌባ" የተባለውም በዚሁ መንገድ መታየት አለበት። በ"ባልዱርስ ጌት" የሌባው ዋና ሥራ የተቆለፈ በር መክፈትና መንገድ ላይ የተጠመደ ወጥመድ ቀድሞ ማየት ነው። እርግጥ ኪስ መግባትም ይችላል። ነገር ግን ሲሠርቅ የተያዘ እንደሆነ ባለ ንብረቱ ጠላት ይሆንበታል። የምትሃተኛዋም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሙያዋ በተረት ዓለም ያለ እንጂ ልጁ ተምሮ የሚሠራበት ጥንቆላ አይደለም። ጅብ ሰው ሆኖ ሲናገር፣ ቀበሮ ስትፈርድ የሰማ ልጅ ተረትን ከእውነት ለይቶ ያድጋል። የሆነ ሆኖ እምነታችሁ የማይፈቅደው ነገር ካለ ልጃችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት። ይህ የእናንተ የወላጆቹ መብት ነው።

ጓደኞቹ ሙያ ብቻ ሳይሆን ጠባይም አላቸው። በ"ባልዱርስ ጌት" የቡድኑ ስም በሰው ዘንድ እንዴት እንደሚነሣ በቁጥር ይመዘገባል፤ ዝቅተኛው 1፣ ከፍተኛው 20 ነው። ተጫዋቹ ክፉ እየሠራ ስሙ ሲጎድፍ ደጋግ ጓደኞቹ ያጉረመርማሉ፤ ካላረመ ጥለውት ይሄዳሉ። የሚገርመው በጎ ሲሠራና ስሙ ሲያምር ደግሞ ክፉዎቹ ይነጫነጩና ይለዩታል። ደግና ክፉ ጓደኛን ይዞ ሁለቱንም አስደስቶ መዝለቅ እጅግ ይቸግራል። እኛ "ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር" ብለን የምንጀምረውንና ጨርሰን ለመናገር የምናፍርበትን ተረት ልጁ በዚህ መንገድ ራሱ ይደርስበታል።

በዚያው ጨዋታ ካሊድና ጃሂራ የተባሉ ባልና ሚስት አሉ። ካሊድ ፈራ ተባ የሚል፣ ሲናገር የሚንተባተብ ነው። ጃሂራ ግን ቆራጥ ሴት ናት። ወደ ቡድኑ የሚገቡት አብረው ነው። ተጫዋቹ "ባልየው አላስፈለገኝም፣ ሚስትየዋ ትበቃኛለች" ብሎ አንዱን ቢያሰናብት ሌላዋም ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች። ከ6ቱ ቦታ 2ቱን መስጠት አለበት ወይም ሁለቱንም ማጣት አለበት። ሰው ከነቤተሰቡ እንጂ ተቆርጦ የሚወሰድ አለመሆኑን ለልጅ በንግግር ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ እዚህ ላይ ግን በአንድ ውሳኔ ያየዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው "ድራጎን ኤጅ" ደግሞ ተጫዋቹ ለጓደኞቹ ስጦታ በመስጠት ፍቅራቸውን ሊያገኝ ይችላል። ይሁንና ስጦታው በበዛ ቁጥር የሚያመጣው ለውጥ እያነሰ ይሄዳል። ዋናው መለኪያ የሚናገረውና የሚሠራው ነው። ይህንን ነጥብ ሥራ ስለሚበዛብን ልጆቻችንን በአሻንጉሊትና በብስኩት ለመካስ የምንሞክር ወላጆችም ብናስብበት አይከፋም።

ማንም የማይሻው ድርሻ

እዚህ ላይ ለእናቶች ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመውን እናንሣ። ከሙያዎቹ ሁሉ ልጆች የማይሻሙበት አንድ አለ። እርሱም የፈዋሹ ሙያ ነው።

ፈዋሹ ከኋላ ይቆማል። ሰይፈኛው ጠላት ሲጥል ጭብጨባው ለሰይፈኛው ነው። ሰይፈኛው እንዳይወድቅ ቁስሉን ሲጠግን የዋለውን ማንም ልብ አይለውም። ፈዋሹ የሚታወሰው በሌለ ጊዜ ብቻ ነው። ልጆች አብረው ሲጫወቱ "አንተ ፈዋሹን ያዝ"፣ "አይ፣ አንተ ያዝ" ይባባላሉ፤ በመጨረሻም ታናሹ ወይም ዝምተኛው ላይ ይወድቃል።

ይህን ስንሰማ ከየቤታችን አንድ ሰው ትዝ ሊለን ይገባል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ምድጃ የምታያይዘው፣ ቁርስ አቅርባ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የምትሸኘው፣ ከዚያ ወደ ፋብሪካዋ ወይም ወደ ቢሮዋ የምትሮጠው፣ ስትመለስ ገበያ አድርሳ እራት የምትሠራው፣ ሌሊት ልጅ ሲያተኩሰው ነቅታ የምታድረው ማን ናት? ባል ደመወዙ ሲጨመር ይመሰገናል፤ ልጅ ክፍሉን ሲያልፍ ይመሰገናል። እንጀራው በየዕለቱ መሶብ ውስጥ መገኘቱን ግን ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም።

ጨዋታው ስለ ፈዋሹ ሦስት ሕግ አለው። ሦስቱም ለቤታችን ይበጃሉ።

የመጀመሪያው ሕግ የፈዋሹ ኃይል ውስን መሆኑ ነው። ከ"ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" በተወለዱት ጨዋታዎች ፈዋሹ በአንድ ቀን የሚፈውሰው በቁጥር የታወቀ ነው። ቁጥሩ ሲያልቅ ቢለመንም ቢታዘዝም ማዳን አይችልም። ኃይሉ የሚመለሰው ሲተኛ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አስተዋይ መሪ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጉዞውን አቁሞ ቡድኑን በሙሉ ያሳድራል። "ፈዋሿ ሰነፈች" የሚል ተጫዋች የለም። እየገፋሁ እሄዳለሁ ያለ ግን በሚቀጥለው ውጊያ ቡድኑን ያስፈጃል።

ሁለተኛው ሕግ ዕረፍቱ መጠበቅ ያለበት መሆኑ ነው። በ"ባልዱርስ ጌት" አደገኛ ቦታ የተኛ ቡድን በእንቅልፉ መካከል ጠላት ሊደርስበት ይችላል፤ ያን ጊዜ እንቅልፉም ፈውሱም ይቀራል። ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ ጋደም ያለችን እናት "እማዬ፣ ካልሲዬ የት ነው?"፣ "እማዬ፣ ሞግዚቷ ትፈልግሻለች" እያሉ ደጋግሞ መቀስቀስም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዕረፍት እንዲሆን በር የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። በር ጠባቂው አባት ሊሆን ይችላል፤ የ14 ዓመት ልጅም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ሕግ ሸክም ነው። እያንዳንዱ ጓደኛ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ተወስኗል። ዕቃውን ሁሉ አንዱ ላይ የጫነ መሪ ሰውየው መጀመሪያ ሲያዘግም፣ ክብደቱ ሲብስ ደግሞ ፈጽሞ መራመድ ሲያቅተው ያያል። ቡድኑም ከእርሱ ጋር ይቆማል። መፍትሔው ጓደኛውን መቆጣት አይደለም፤ ሸክሙን ማከፋፈል ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ከዚህ ምን ተለየ?

እንግዲህ ልጃችሁ ይህን ሁሉ በጨዋታው ውስጥ ያውቃል። ሳያውቅ የቀረው የእናቱን ስም ከፈዋሿ ስም ጋር ማገናኘትን ነው። ይህን ማስተማር ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው። አንድ ቀን ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጣችሁ "ፈዋሿ ስትደክም ምን ታደርጋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። "አሳድራታለሁ" ይላችኋል። "በቤታችንስ ፈዋሿ ማን ናት?" በሉት። ቁጣም ሆነ ረጅም ምክር መጨመር አያስፈልግም። በማግስቱ የቤቱን ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ዕቃ ማጠብ፣ ቡና መቁላት፣ ከሱቅ ዕቃ ማምጣት፣ ውኃ መቅዳት፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ ቤት መጥረግ። ከዚያም ማን ምን እንደሚይዝ ልጁ ራሱ እንደ ቡድን መሪ ያከፋፍል። አባወራም ከቡድኑ ውጭ እንዳልሆነ አይዘንጋ። ለአባት አንድም ሥራ ሳይሰጥ የተከፋፈለ ወረቀት ቢመጣ እንደገና ይከፋፈል።

ለሴት ልጆቻችንስ?

ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው በአመዛኙ የሚያየው ወንዶች ልጆችን ነው። ሴቶቹ በዚያ ሰዓት የት ናቸው? አብዛኛዎቹ ወጥ ሲያማስሉ፣ ታናሽ ሲያዝሉ፣ ዕቃ ሲያጥቡ ይገኛሉ። ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ቢኖርም ወንበሩ የወንድምየው ነው፤ እኅት ከኋላ ቆማ ታያለች።

ጨዋታዎቹ ግን እንዲህ ብለው አያዝዙም። ከዘመናዊዎቹ በብዙዎቹ ተጫዋቹ መሪውን ሴት ሊያደርጋት ይችላል። ከላይ የጠቀስናት ጃሂራ ተዋጊም ፈዋሽም ናት፤ ካሜሩናዊቷ ኤሪንም ባሏን ከጎኑ ሆና ታግዛለች። ለነገሩ ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በጣና ላይ በደቅ ደሴት ያለውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ዓመት ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው አገር ያስተዳደሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በዚህ ሐይቅ ዳርቻ የምታድግ ልጃገረድ ቡድን መምራትን ከሌላ አገር መዋስ የለባትም።

ስለዚህ በቤታችሁ ጨዋታው የሚፈቀድ ከሆነ ለሴቷም እኩል ተራ ስጧት። ሥራው ሲከፋፈል ሁለቱም እንደሚሠሩ ሁሉ ወንበሩም ሲከፋፈል ሁለቱም ይቀመጡ። ለእርሷ ተራ ሲደርስ እንደ ልማድ "አንቺ ፈዋሽ ሁኚ" እንዳትባል ደግሞ አደራ። ትምረጥ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ወገን

ጥቅሙን ይህን ያህል ካነሣን ጉዳቱን መደበቅ አይገባንም።

አንደኛ፣ ጨዋታ ሁሉ ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም። በአውሮፓ የሚሸጡ ጨዋታዎች ሽፋናቸው ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር አለባቸው። ጨዋታው ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚፈቀድ የሚናገር ነው። ሦስተኛው "ባልዱርስ ጌት" ምንም እንኳ ተሸላሚ ቢሆን 18 የሚል ተጽፎበታል፤ ደምና ግድያ፣ የአዋቂዎች የመኝታ ቤት ትዕይንትም ስላለበት ለ14 ዓመት ልጅ አይሆንም። አብዛኛዎቹ ልጆቻችን ጨዋታውን የሚያገኙት ከሰው ሰው በሚተላለፍ ፍላሽ ስለሆነ ሽፋኑን አናየውም። ስለሆነም ስሙን ጠይቃችሁ ዕድሜውን ከምታምኑት አዋቂ አጣሩ። አሮጌዎቹ ጨዋታዎች ብዙውን ጊዜ ለልጅ ይሻላሉ፤ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹም ተሻሽለው በስልክ ይገኛሉ።

ሁለተኛ፣ ጊዜ ይበላሉ። አንዱን ታሪክ ለመጨረስ በአሥር የሚቆጠሩ ሰዓታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን "ድራጎን ክዌስት" የተባለው ጨዋታ ሦስተኛ ክፍል በአዘቦት ቀን ለገበያ ሲውል ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ቀርተው ከሱቅ ደጃፍ ተሰልፈው ነበር። "አንድ ደቂቃ፣ እማዬ!" የሚለው ልመና ታዲያ እንዴት ይፈታል? ጨዋታውን የሚያውቁ እናቶች ዘዴ አላቸው። ሰዓት ቆጥሮ በውጊያ መካከል ከማቋረጥ ይልቅ ቡድኑ ሲያድር ወይም ጨዋታው የደረሰበት ሲመዘገብ ያን ጊዜ እንዲነሣ አስቀድሞ መስማማት ነው። ልጁም አይበደልም፤ እናትም አትታለልም።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ነው። በስልክ ከሚጫወቱት አንዳንዶቹ በነጻ ይጀምሩና ጓደኛውን በዕጣ ያቀርቡታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በቻይና የወጣው "ጌንሺን ኢምፓክት" ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ተጫዋቹ 4 ጓደኞች ይዞ ይጓዛል፤ ጓደኞቹን ለማግኘት ግን ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው ሲያልቅበት በገንዘብ ሊገዛ ይችላል። ያሰበው ጓደኛ መውጣት አለመውጣቱ የዕድል ጉዳይ ነው። ይህ ጓደኛ መምረጥ ሳይሆን ሎተሪ መቁረጥ ነው። የገንዘብ መክፈያ ያለበትን ስልክ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ምሥጢር ቁጥራችሁን ጠብቁ።

አራተኛ፣ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቶ እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቆታል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮም በሥራ ላይ ውሏል። ምልክቶቹ ልጁ ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከትምህርቱም ከምግቡም ሲያስቀድመው፣ ጉዳት እየደረሰበትም ሲቀጥል ነው፤ ይህም እንደ ደንቡ ለ12 ወር ያህል ሲታይ ነው በሽታ የሚባለው። ስለዚህ ሁለት ቀን አምሽቶ የተጫወተን ልጅ ሁሉ በሽተኛ አንበለው፤ ምልክቱ ሲደጋገም ግን ዝም ብለን አንየው፤ ሐኪም እናማክር። ድርጅቱ በዚያው በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ ፈጽሞ ባይሰጣቸው እንደሚሻል መክሯል። ሕፃን ሲያለቅስ ስልክ ማስያዝ የለመድን ሁሉ ይህን ልብ እንበል።

አጠገቡ የተቀመጠው ማነው?

አሁን ለጠየቁን እናት መልሳችንን እናቅርብ። እኅታችን፣ ጨዋታው ለዕድሜው የሚሆን ከሆነ፣ ትምህርቱና የቤት ሥራው ካልተጓደለ፣ ሰዓቱም ከተወሰነ አይከልክሉት። ስለ ሌባውና ስለ ጠንቋይዋም አይስጉ። ይሁን እንጂ በጻፉልን ውስጥ አንድ ያልጠቀሱት ነገር አለ። ስለ ስክሪኑ ጓደኞች በዝርዝር ነግረውናል፤ ልጅዎ አጠገብ ተቀምጦ ሲከራከር ስለነበረው ልጅ ግን ምንም አልነገሩንም። ስሙ ማነው? የማን ልጅ ነው? እናቱስ የት ይሠራሉ? ልጅዎ ችግር ላይ ቢወድቅ የሚጠራው እሱን ነው፤ ክፉም ደግም የሚማረው ከእሱ ነው።

ይህ ለሁላችንም ነው። ልጃችን በጨዋታ ውስጥ አንድ ጓደኛ ለመምረጥ ግማሽ ሰዓት ያስባል፤ ሙያውን ያያል፤ ጠባዩን ይመረምራል። በኑሮው ግን ጓደኛ የሚይዘው እንዲያው በአጋጣሚ ነው፤ እኛም አንጠይቅም። በጨዋታው የለመደውን ጥያቄ ወደ ሰፈሩ እንዲያመጣው እንርዳው። "ይህ ጓደኛህ ስትደክም ይጠብቅሃል? ስሕተት ስትሠራ ይነግርሃል? በጎ ስትሠራ ደስ ይለዋል ወይስ ይነጫነጫል?" ብለን እንጠይቀው። ደግሞም "አንተስ ለእሱ ምን ነህ?" ማለትን አንርሳ። ያንን ጓደኛ አንድ ቀን ቤት ጋብዙት፤ ቡና ሲፈላ እናቱንም ጥሩ። ሁለት እናቶች ከተዋወቁ አንዷ በፈረቃ ላይ ስትሆን ሌላዋ ሁለቱንም ልጆች ታያለች። በዚህ መንገድ እናቶቹም የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ ማለት ነው።

የጣና ዳርቻ ሕዝብ ለዚህ አዲስ አይደለም። ከዘጌና ከደሴቶቹ እንጨት ሲያመላልስ የኖረውን ታንኳ እንመልከት። አንድ የደንገል ዘንግ ሰው አይሸከምም፤ ብዙው አንድ ላይ ሲታሰር ግን ሰውም ጭነትም ይዞ ሐይቁን ይሻገራል። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ በኋላም ገበሬው፣ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው በዘመቻ ወጥቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል አይተናል። አንዱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይነቅላል፤ ሌላው ይጎትታል፤ ሌላው ወደ ዳር ያወጣል፤ ሴቶች ስንቅ ያቀርባሉ። በዚያ ቀን ስንቅ ያቀረበችው ባትኖር ኖሮ ነቃዩ እስከ ማታ አይዘልቅም ነበር። ስሟ ግን የት ተጻፈ?

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ ልጃችሁን ኮምፒዩተሩ ፊት ብታገኙት ከመቆጣታችሁ በፊት ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ማንን እንዳስከተለ፣ ማንን እንደተወ፣ ለምንስ እንደተወው ጠይቁት። መልሱን በትዕግሥት አዳምጡ። ከዚያ እራት ሲቀርብ ሳህኑን የሚያነሣው ማን እንደሆነ በጋራ ወስኑ። ፈዋሿም በጊዜ ትተኛ።